ከቤተ መንግሥት ውጭ፣ ከአደባባይ ውስጥ፦ ስለ ኩዌከሮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ኩዌከሮች፣ በእነርሱም በኩል ስለ ሃይማኖትና ስለ ሕዝብ ጉዳይ ግንኙነት የሚጠይቁትን መርጠን በዚህ ዓምድ በአንድነት አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል፤ የጸሐፊዎቹም ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ተጠቅሷል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በፊላደልፊያ ነው። ልጄ ኩዌከሮች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ዕድል አግኝቶ ገብቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መስቀል የለ፣ ሥዕል የለ፣ ካህን የለ፣ መዝሙር የለ። ልጄ ግን «ጸሎት ነው» ይለኛል። በተዋሕዶ እምነት ያደግሁ ነኝና ነገሩ ግራ አጋባኝ። እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው? ልጄንስ ከእምነቱ ያናውጡብኛል?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከፊላደልፊያ

መልስ፦ ወ/ሮ ሰ.፣ ልጅዎ ትክክል ነው፤ ጸሎት ነው። ኩዌከሮች ራሳቸውን የሚጠሩት «የወዳጆች ሃይማኖታዊ ማኅበር» ብለው ሲሆን፣ የተነሡትም በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር፣ ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዘው ንጉሡ በ1649 አንገቱን በተቀላበት ዘመን ነው። የሸማኔ ልጅ የነበረው ጆርጅ ፎክስ በወጣትነቱ ከሰባኪ ወደ ሰባኪ እየዞረ ለጭንቀቱ መልስ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ክርስቶስ ራሱ ያለ አማላጅና ያለ አስተማሪ በሰው ልብ ውስጥ ይናገራል ወደሚል እምነት ደረሰ። ከዚህ የተነሣ ቀደምት ኩዌከሮች የተቀባ ካህን አልሾሙም፤ በውኃ አያጠምቁም፤ ሥጋ ወደሙም አያቀብሉም። ጥምቀትም ቁርባንም በውስጥ የሚፈጸሙ ናቸው ብለው ያምናሉ። ይህ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱን አሳንሶ መናገር ለእርስዎም ሆነ ለእነርሱ አክብሮት አይሆንም።

በአዋቂዎቹ ጉባኤ ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከተቀመጡት አንዱ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት፣ መናገር እንዳለበት በልቡ ከተሰማው ተነሥቶ ጥቂት ተናግሮ ይቀመጣል፤ ማንም አይመልስለትም፣ ማንም አይከራከረውም፤ ዝምታው ይቀጥላል። ሴቶች የመስበክ መብት አላቸው ብላ የማኅበሩ እናት የምትባለው ማርጋሬት ፌል ማብራሪያ ያሳተመችው በ1666 ነው።

ክርስቲያኖች ናቸው ወይ ለሚለው፣ ፎክስና ጓደኞቹ ስለዚህ ጉዳይ ጥርጣሬ አልነበራቸውም፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ካሉት ኩዌከሮች የሚበዙት በክርስቶስ አዳኝነት የሚያምኑ ናቸው። ነገር ግን ማኅበሩ ለአባልነት የሚጠይቀው የጸሎተ ሃይማኖት ዓይነት የእምነት ቃል ስለሌለው፣ በእንግሊዝና በከፊል አሜሪካ በሚገኙ የዝምታ ጉባኤዎች ራሳቸውን ክርስቲያን ብለው የማይጠሩ አባላትም አሉ። ስለ ልጅዎ ከተጨነቁ፣ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች የሚበዙት የሌላ እምነት ተከታዮች መሆናቸውንና ተማሪን ወደ ማኅበሩ ማስገባት የትምህርቱ ዓላማ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅምዎታል። ትምህርት ቤቱን አስፈቅደው አንድ ቀን ከልጅዎ ጋር በዝምታው ቢቀመጡ መልካም ነው። ልጅዎ በዚያ ዝምታ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያትን በልቡ ቢደግም የሚከለክለው የለም።

ጥያቄ፦ የሕግ መምህር ነኝ። ኩዌከሮች በፍርድ ቤት አይምሉም፣ ለባለሥልጣን ባርኔጣ አያወልቁም፣ ወታደር አይሆኑም ሲባል አነባለሁ። ሕግ የማያከብር ማኅበረሰብ በሕግ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ከፍ ያለ ስም ሊያገኝ የቻለው እንዴት ነው?
አቶ መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አቶ መ.፣ ኩዌከሮች በሕዝብ ሕይወት ውስጥ አሻራቸውን ማኖር የጀመሩት በሹመት ሳይሆን በእምቢታ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን በነበረው የእንግሊዝ ወግ ታናሽ ለታላቁ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አንቱ ይለዋል። ኩዌከሮች ግን ዳኛውንም መኰንኑንም «አንተ» እያሉ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ ይቆሙ ነበር። ምክንያታቸው በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ ለአንዱ የሚሰጥ፣ ለሌላው የሚነፈግ ክብር ሐሰት ነው የሚል ነው። መሐላን እምቢ ያሉት ደግሞ «ነገር ግን ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን የጌታን ቃል እንደ ተጻፈው ስለ ወሰዱት ነው። በመሐላ ጊዜ ብቻ እውነት የሚናገር ሰው በሌላው ጊዜ ምን ይናገራል? ይህ ክርክራቸው ለሕግ መምህር የሚከብድ አይመስለንም።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ባለሥልጣናቱ በሌላ ክስ ሊያስቀጧቸው ሲያቅታቸው ለንጉሡ ታማኝነታቸውን እንዲምሉ ያዝዟቸዋል፤ አንምልም ሲሉ በዚያው ወደ ወህኒ ይወርዳሉ። በ1662 በተለይ በእነርሱ ላይ ያነጣጠረ ሕግ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ታስረዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩትም በእስር ቤት ሞተዋል። ከባሕር ማዶ፣ ራሳቸው የሃይማኖት ነፃነት ፍለጋ ከእንግሊዝ የተሰደዱ ፒዩሪታኖች በሚገዟት ቦስተን፣ ሜሪ ዳየር የተባለች ሴት ከከተማይቱ ተባርራ ሳለ በመመለሷ በ1660 ተሰቅላለች። ዛሬ ሐውልቷ እዚያው ቦስተን በማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ፊት ቆሟል።

ለክፍል ተማሪዎችዎ የሚሆነው ታሪክ ግን የ1670ው ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ወታደሮች ለንደን ውስጥ የሚገኘውን የኩዌከሮች መሰብሰቢያ ዘግተው ሲጠብቁ፣ ዊልያም ፔን የተባለው የ25 ዓመት ወጣት በመንገዱ ላይ ቆሞ ስለ ሰበከ ከዊልያም ሚድ ጋር ተይዞ ሁከት በማስነሣት ተከሰሰ። ችሎት ሲገቡ አሽከሮች ባርኔጣቸውን አወለቁላቸው፤ ችሎቱ መልሱላቸው ብሎ አዘዘ፤ ከተደፋላቸው በኋላም ባርኔጣ ደፍታችሁ ቆማችኋል ተብለው በገንዘብ ተቀጡ። ጁሪ የሚባሉት 12 የሕዝብ ፈራጆች ጥፋተኛ ናቸው እንዲሉ ቢጠበቅም እምቢ አሉ። ዳኞቹ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት ዘግተው ቢያሳድሯቸውም ውሳኔያቸውን አልለወጡም፤ በመጨረሻ ነፃ ናቸው ሲሉ እነርሱም ተቀጥተው ታሰሩ። ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሸል መቀጫውን አልከፍልም ብሎ ጉዳዩን ወደ በላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ዋና ዳኛው ጆን ቮንም ፈራጅ ስለ ሰጠው ፍርድ ሊቀጣ አይችልም ሲል በየነ። ቡሸልም ሆነ ጓደኞቹ ኩዌከሮች እንደ ነበሩ አይነገርም። የሁሉም ሰው ሆኖ የቀረው መብት የተገኘው ግን በአንድ የተጠላ ሃይማኖት ሰዎች ክስ ላይ ነው።

ሕግ የማያከብር ላሉት እዚህ ላይ አልስማማም። ሌሎች ተቃዋሚ አማኞች ስደቱ ሲበረታ በድብቅ ሲሰበሰቡ፣ ኩዌከሮች በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ፣ በር ከፍተው ይሰበሰቡና ቅጣቱን ይቀበሉ ነበር። ከ1670ዎቹም ጀምሮ በየአውራጃው ማን እንደ ታሰረ፣ ስንት ላምና ስንት አልጋ እንደ ተወረሰ እየመዘገበ ለፓርላማ የሚያመለክት ጉባኤ ለንደን ላይ አቁመዋል። ኩዌከርነት ሥርዓትና አስተዳደር የሌለው፣ የልብ ብቻ ሃይማኖት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን መዝገብ አላዩትም ማለት ነው፤ ወርኃዊ፣ ሩብ ዓመታዊና ዓመታዊ ጉባኤ ያለው፣ ቃለ ጉባኤውን ከ300 ዓመት በላይ የጠበቀ ድርጅት ነው። በ1689 የእምነት መቻቻል ሕግ ወጣ፤ በ1696 ደግሞ በመሐላ ፈንታ የማረጋገጫ ቃል እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 ሲጻፍ ፕሬዚዳንቱ ሳይቀር «መሐላ ወይም ማረጋገጫ» እንዲሰጥ የተደነገገው በዚሁ መንገድ ከተጠረገ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ግን ጆሴፍ ፒዝ የተባለ ኩዌከር ሳይምል በፓርላማ ለመቀመጥ የተፈቀደለት ገና በ1833 ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዲግሪም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ተዘግቶባቸው ስለ ኖረ ብዙዎቹ ወደ ንግድ ገቡ፤ የባርክሌይስና የሎይድስ ባንኮች፣ የካድበሪና የራውንትሪ ቸኮላት ከእነርሱ ቤተሰቦች የወጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» በሚለው አምናለሁ። ሃይማኖት ወደ ፖለቲካ በገባበት ሁሉ ደም ሲፈስ አይተናል። ኩዌከሮች ግን በዋሽንግተን ቢሮ ከፍተው የምክር ቤት አባላትን ይወተውታሉ ይባላል። ይህ ከሌላው በምን ይለያል? ሃይማኖተኛ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ አገር ምን ትሆናለች?
አቶ ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አቶ ተ.፣ የጠቀሱት አባባል ለብዙ ሰው መጽናኛ ሆኖ የኖረ ነው። ሆኖም አባባሉ በገነነበት ዘመን የነበረው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የዚህ እምነት ተከታይ እንደሚሆን ይደነግግ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በሁለቱም ድንጋጌዎች የሚታየው የመንግሥት ሥልጣን ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ በመንግሥትና በግል ጓዳ መካከል የሕዝብ አደባባይ አለ፤ ሃይማኖት እዚያ ምን ቦታ አለው የሚል ነው። ኩዌከሮች ሁለቱንም ስለ ሞከሩ፣ ማለትም ራሳቸው ገዢ ሆነውም ከገዢ ውጭ ቆመውም ስለ ታዩ፣ ለዚህ ጥያቄ ከብዙዎች ይልቅ ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

ገዢ የሆኑት በፔንሲልቬንያ ነው። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ለፔን አባት፣ ለአድሚራሉ፣ የነበረበትን 16 ሺህ ፓውንድ ዕዳ በመሬት ሲከፍል፣ ፔን በ1681 ሰፊ ግዛት በእጁ ገባ። ማንም በእምነቱ የማይሰደድበት አገር አደርጋታለሁ ብሎ ተነሣ፤ በእርግጥም ሉተራኑ፣ ሜኖናይቱ፣ አይሁዳዊው፣ በሌላው የእንግሊዝ ግዛት ቅዳሴው የተከለከለበት ካቶሊክ ሳይቀር በፊላደልፊያ በግልጽ አመለከ። ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። የ1701 የመብቶች ቻርተር ነፃነቱን የሚሰጠው በአንድ አምላክ ለሚያምኑ፣ የመንግሥት ሹመትን ደግሞ በኢየሱስ ክርስቶስ ለሚያምኑ ብቻ ነበር፤ ፔን ራሱም ባሪያዎች ነበሩት። የሆነ ሆኖ የአገሩ ነባር ነዋሪ ከሆነው ከሌናፔ ሕዝብ ጋር በመግዛትና በመዋዋል የተመሠረተው ሰላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቷል።

ፈተናው የመጣው በጦርነት ነው። ጦር መሣሪያ አንነካም የሚሉት የምክር ቤቱ አባላት የዘውዱ ግብር ለውጊያ ሲጠየቅ «ለንጉሡ አገልግሎት» ብለው ገንዘብ ይሰጡ፣ ምን ላይ እንደሚውል ግን አይጠይቁም ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ ጻፈው፣ ለባሩድ ገንዘብ በተጠየቁ ጊዜ «ለዳቦ፣ ለዱቄት፣ ለስንዴ ወይም ለሌላ እህል» ብለው ፈቀዱ፤ አገረ ገዢውም ሌላው እህል ባሩድ ነው ብሎ ገዛበት። ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ እኔን ግን ያሳዝነኛል፤ መሐላን እንኳ ስለ እውነት ሲሉ የተዉ ሰዎች ልጆች ሥልጣን ላይ ለመቆየት ቃል ማድበስበስ ለመዱ። የፔን ልጆች ደግሞ በ1737 በሌናፔዎች ላይ ታላቅ የመሬት ማታለል ፈጸሙ፤ በ1755 ጦርነቱ ሲነሣ የተገፉት ወገኖች በድንበር ሰፋሪዎች ላይ ዘመቱ። በ1756 የጸደይ ወራት አገረ ገዢው ጦርነት አወጀ፤ ራስ ቆዳ ገፍፎ ለሚያመጣም ሽልማት መደበ። በዚያው ዓመት ስድስት ኩዌከሮች የምክር ቤት ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። መንግሥቱን የለቀቁት ሰዎች ግን ወደ ጓዳቸው አልገቡም፤ በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቁመው ከሌናፔዎች ጋር ዕርቅ እንዲወርድ በራሳቸው ገንዘብ መሥራት ጀመሩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሃይማኖት ለመንግሥት አይመችም ብለን በቀላሉ በደመደምን። ነገር ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር እየበሰለ ነበር። በ1688 በጀርመንታውን የሚኖሩ አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ለጉባኤያቸው አቀረቡ። ወርኃዊው ጉባኤ ከብዶናል ብሎ ለሩብ ዓመታዊው፣ ሩብ ዓመታዊው ለዓመታዊው አሳለፈው፤ ዓመታዊውም መወሰን አልፈልግም ብሎ አስቀመጠው። ብዙ የተከበሩ ኩዌከሮች ባሪያ ይገዙ፣ ይሸጡም ነበር። በ1738 ቤንጃሚን ሌይ የተባለ ቁመተ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ቀይ የፍሬ ጭማቂ የተሞላ ፊኛ በተቦረቦረ መጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ገባና በሰይፍ ወግቶ፣ የባሪያ ጌቶች ደም እንዲህ ይፈስሳል ብሎ በዙሪያው በተቀመጡት ላይ ረጨው። ማኅበሩ እርሱን አባረረ እንጂ ባሪያ ያላቸውን አላባረረም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ልብስ ሰፊው ጆን ዉልማን በሌላ መንገድ ሄደ። ባሪያ ባላቸው ኩዌከሮች ቤት በእንግድነት ሲያድር ላገለገሉት ባሪያዎች ሒሳብ ይከፍላቸው፣ ጌታውንም በትሕትና ለብቻው ያነጋግረው ነበር። ባሪያ የሚያወርስ ኑዛዜ ጻፍልኝ ሲሉት አልጽፍም ይላል። በ1758 የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ የሚነግዱትን ከማኅበሩ ጉዳይ እንዲገለሉ ወሰነ፤ ባሪያ ያላቸውንም በየቤታቸው እየዞሩ የሚያነጋግሩ ሰዎች መደበ። በ1776 ባሪያውን ነፃ አላወጣም የሚል አባል ከማኅበሩ እንዲሰናበት ተወሰነ። የለንደኑ ጉባኤ የባሪያ ንግድ ይቁም የሚል አቤቱታ ለእንግሊዝ ፓርላማ ያቀረበው በ1783 ነው። በ1787 ለንደን ውስጥ ንግዱን ለማስቆም ኮሚቴ ሲቋቋም ከ12ቱ መሥራቾች 9ኙ ኩዌከሮች ነበሩ። ፓርላማ መግባት ስለማይችሉ ከአንግሊካኑ ዊልያም ዊልበርፎርስ ጋር ሠሩ፤ በ1807ም የባሪያ ንግድ በሕግ ተከለከለ።

አቶ ተ.፣ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ይመልከቱልኝ። ፓርላማውን ከመጠየቃቸው በፊት ራሳቸውን ጠይቀዋል፤ ያውም ከጀርመንታውን ጽሑፍ እስከ 1776 ድረስ 88 ዓመት ፈጅቶባቸው፣ ሀብታም አባሎቻቸውን አስቀይመውና አጥተው። እኔ የማየው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንድ የሃይማኖት ተቋም ሕግ እንዲወጣ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ነገር በመጀመሪያ በራሱ አባላት፣ ይልቁንም መባ በሚያበዙት አባላቱ ላይ ተፈጽሟል ወይ? ደግሞስ የሚጠይቀው ለራሱ ነው ወይስ የእርሱ ላልሆነውም? ኩዌከሮች በመሐላ ጉዳይ የታገሉት በመጀመሪያ ለራሳቸው ነበር። በባርነት ጉዳይ ግን ተጠቃሚው የማኅበሩ አባል ያልነበረ፣ እንዲሆንም ያልተጠየቀ ሰው ነው። ደም ፈሰሰበት ያሉት የሃይማኖት ፖለቲካ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቢፈተን አብዛኛው የሚወድቅ ይመስለኛል።

ዋሽንግተን ስላለው ቢሮ የሰሙት እውነት ነው፤ በ1943፣ በዓለም ጦርነት መካከል የተቋቋመ ሲሆን ስለ ሰላም፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ጦር በጀት የምክር ቤት አባላትን ያነጋግራል። ዕጩ ደግፎ ምርጫ አይወዳደርም። በኒው ዮርክና በጄኔቭም ለተባበሩት መንግሥታት ቅርብ የሆኑ ጽሕፈት ቤቶች አሏቸው። በዚህ ሥራ የማይስማማ ኩዌከር ሞልቷል፤ በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሰላምን የሚሰብከውን ማኅበር ትተው የዘመቱ ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም። በኩዌከር ቤት ያደገው ሪቻርድ ኒክሰንም የቬትናምን ጦርነት ሲመራ ብዙ ኩዌከሮች በጦርነቱ ላይ ሰልፍ ይወጡ ነበር።

ያም ሆኖ በ1916 እንግሊዝ ግዳጅ ውትድርና ስታውጅ ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው እንዲታይለት የሚለው አንቀጽ በሕጉ እንዲገባ ኩዌከር የፓርላማ አባላት ሠርተውበታል፤ አንቀጹም ለሃይማኖተኛው ብቻ ሳይሆን ሃይማኖት ለሌለውም ተቃዋሚ የሚያገለግል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የትናንት ጠላት በነበረችው ጀርመን ሥራው በበዛበት ጊዜ በቀን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን መግበዋል። በ1938 ናዚዎች በአይሁድ ላይ ከዘመቱበት ሌሊት በኋላም ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ሆነው የእንግሊዝን መንግሥት በመለመን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ልጆች እንዲገቡ በተደረገው ሥራ ተሳትፈዋል። የ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዙና ለአሜሪካው የወዳጆች የእርዳታ ድርጅቶች የተሰጠውም በዚህ ሁሉ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ያሉት ኩዌከሮች በዕድሜ የገፉ፣ የተማሩ ነጮች ናቸው። በአፍሪካ አሉ? ወደ አገራችንስ መጥተው ያውቃሉ?
ወ/ሪት ሐ.፣ ከለንደን

መልስ፦ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ኩዌከሮች የሚገኙባት አገር ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በ1902 ሦስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን በምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ በሚባል ቦታ ሰፍረው ትምህርት ቤትና ሕክምና ጀመሩ፤ እምነቱም በሉያ ሕዝብ ዘንድ ተስፋፋ። እሑድ ወደዚያ ቢሄዱ ዝምታ ሳይሆን ፓስተር፣ ስብከትና ከፍ ያለ መዝሙር ያገኛሉ፤ ለንደን ላይ የሚያውቁት ዓይነት ጉባኤ በዓለም ካለው ኩዌከርነት ጥቂቱ ብቻ ነው። በ2007 መጨረሻ ከምርጫ በኋላ ብጥብጥ ሲነሣ የኬንያ ወዳጆች ተፈናቃዮችን በመርዳትና ሰዎችን በማስታረቅ ሥራ ላይ ነበሩ። ወደ እኛ አገር፣ የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ አባላት መጥተው በሕክምና አገልግለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልተከሉም። በሰላም ትምህርታቸው የሚቀርቧቸው ሜኖናይቶች ናቸው፤ የእነርሱን ፍሬ በመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን።

ጥያቄ፦ በዳላስ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ስብሰባችን ሁሉ በድምፅ ብልጫ ያልቃል፤ የተሸነፈው ወገን ደግሞ አኩርፎ ይወጣል። ኩዌከሮች ድምፅ ሳይሰጡ ይወስናሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ለእኛስ ይሆናል?
አቶ ገ.፣ ከዳላስ

መልስ፦ እውነት ነው። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ጸሐፊ ይባላል፤ ሥልጣኑም መወሰን ሳይሆን የጉባኤው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ማስተዋል ነው። ተናጋሪዎች ለጸሐፊው ይናገራሉ እንጂ እርስ በርስ አይመላለሱም፤ ነገር ሲካረር ጸሐፊው ዝምታ ይጠይቃል። ጸሐፊው ጉዳዩ በሰለ ብሎ ሲያስብ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፎ ያነብላቸዋል፤ ይሁን ካሉ ጸደቀ። አንድ አባል ባልስማማበትም መንገዱን አልዘጋም ብሎ ገለል ሊል ይችላል። የከበደ ተቃውሞ ካለ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፤ ያለፈው ውሳኔ እስኪቀየር ይጸናል።

ጉድለቱ ከላይ ተነግሯል፤ በባርነት ጉዳይ ባለሀብቶቹ አልተስማማንም እያሉ ጉባኤውን ለረጅም ዓመታት አስረውት ኖረዋል። ኪራይ ለነገ ወር የሚከፍል ደብር እንዲህ መቆየት አይችልም። በዚያ ላይ የእርስዎ ደብር የሚተዳደረው በቃለ ዓዋዲና በሀገረ ስብከቱ መመሪያ ስለሆነ የምርጫና የውሳኔ ሥርዓቱን በራሳችሁ መለወጥ አትችሉም። ሥርዓቱን ሳትነኩ ልትወስዱት የምትችሉት ግን አለ፤ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ከሚነበብ ይልቅ ውሳኔው እንዳለቀ፣ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ተጽፎ ይነበብ፤ ያልተስማማውም ሐሳብ በቃሉ ይስፈር። ጸሐፊያችሁ ፈጣን እጅ ያለው ሰው ቢሆን ከሃያ ደቂቃ በላይ አይፈጅባችሁም።